በድርቅ ወራት ለታላቅ የብስክሌት ውድድር መሰናዳት

በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የምናወሳው ባሕርያቸው የማይስማማ ሁለት ነገሮች በአንዲት ከተማ፣ በአንድ ወር ውስጥ ስለ መገናኘታቸው ነው። አንደኛው ነገር 35,000 ያህል ሰው በአንድ ማለዳ ብስክሌቱን ይዞ አደባባይ የሚወጣበት፣ ላብ እንደ ጅረት የሚፈስበትና ከአራቱም ማዕዘን እንግዳ የሚጎርፍበት ታላቅ ውድድር ሲሆን፣ ሁለተኛው በዚያችው ከተማ ላይ ሦስት ዓመት ሙሉ ተጭኖ የቧንቧዋን አፍ ሊዘጋ የደረሰ ድርቅ ነው። ከተማይቱ በደቡብ አፍሪካ የምትገኘው ኬፕ ታውን ናት፤ ዕለቱም በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 2 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ እኛ የዐቢይ ጾምን እኩሌታ ደርሰን ደብረ ዘይትን ያከበርንበት እሑድ ነበረ።

አስቀድሞ ስለ ድርቁ እንናገር፤ የድርቁን ጠባይ ያላወቀ የዝግጅቱን ጥበብ ሊያውቅ አይችልምና። የኬፕ ታውን ዝናብ የሚዘንበው በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው ቢባል እኛ ሐበሾች የራሳችን ክረምት ይመስለን ይሆናል፤ ወሩ ይግጠም እንጂ ነገሩ ለየቅል ነው። በእነርሱ ዘንድ እነዚያ ወራት የብርድ ወራት ሲሆኑ፣ ዝናቡ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ በሚነሣ ቀዝቃዛ አየር ተገፍቶ ከምዕራብ በኩል ይመጣል። ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው በጋቸው ግን ፀሐይና ነፋስ ብቻ ነው፤ ሕዝቡ በበጋ የሚጠጣው በክረምት በግድብ ያጠራቀመውን ነው። ስለዚህ አንድ ክረምት ቢጎድል በመጋቢት ይታወቃል፤ ሦስት ክረምት በተከታታይ ቢጎድል ግን፣ እንደ እ.ኤ.አ. 2015፣ 2016 እና 2017፣ ግድቡ ራሱ ወደ አሸዋነት ይመለሳል። ነገሩን የመረመሩ የአየር ጠባይ ሊቃውንትም እንዲህ ያለው የዝናብ መታጣት በሰው ሥራ በመጣው የምድር ሙቀት ምክንያት ከቀድሞው ሦስት እጥፍ ያህል ሊደርስ የሚቻል ሆኗል ብለዋል።

ከተማይቱን ከሚያጠጡት ስድስት ታላላቅ ግድቦች ትልቁ ቲዋተርስክሉፍ ይባላል። ሲሞላ 480 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል፤ ይህም ከስድስቱ ድምር ግማሽ በላይ ነው። በውድድሩ ዓመት የበጋ መጨረሻ ግን ከመያዣው 15 በመቶ እንኳ አልቀረለትም ነበር። ግድቡ ሳይሠራ በፊት በሸለቆው በቅለው የነበሩና ለብዙ ዘመን በውኃ ተውጠው የኖሩ የደረቁ ግንዶች ከአሸዋው ላይ ቆመው ይታዩ ጀመር፤ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ዓሣ ይዋኝበት ከነበረው ስፍራ አቧራ ይነሣ ነበር። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ ይህች ከተማ በውኃ ምክንያት የተቆረቆረች መሆኗ ነው። እ.ኤ.አ. በ1652 የደች የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሰዎች እዚያ የሰፈሩት ወደ ሕንድ የሚያልፉ መርከቦች ከጠረጴዛው ተራራ ከሚወርደው ጅረት ውኃ እንዲቀዱና ትኩስ ምግብ እንዲሰንቁ ነበር። መርከበኛን ሁሉ ታጠጣ የነበረች ምድር ልጆቿን የምታጠጣው አጣች።

የከተማው ምክር ቤትም ከጥር 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀምሮ እያንዳንዱ ሰው በቀን ከ50 ሊትር በላይ እንዳይጠቀም ደነገገ። 50 ሊትር ማለት በእኛ ቤት ቋንቋ ሁለት ተኩል ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ነው። በአዲስ አበባ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያደገ አድማጭ ይህን ልክ በክንዱ ያውቀዋል፤ ሁለት ጀሪካን ከቦኖ እስከ ቤት ተሸክሞ ያላለፈ ሰው ጥቂት ነውና። ከዚህም አልፎ ግድቦቹ ሁሉ ተደምረው 13.5 በመቶ ሲቀራቸው የመኖሪያ ቤቶች ቧንቧ እንዲዘጋ፣ ሕዝቡም ወደ 200 ገደማ በሚሆኑ ማደያ ስፍራዎች ተሰልፎ በነፍስ ወከፍ 25 ሊትር እንዲቀዳ ተወስኖ ነበር። ያችን የምትፈራ ቀን «ዕለተ ዜሮ» አሏት። ቀንዋም በሚያዝያ ናት፣ በግንቦት ናት እየተባለ ቀጠሮዋ ሲቀርብና ሲርቅ ሰንብቶ፣ ውድድሩ ጥቂት ቀን ሲቀረው በዚያ ዓመት እንደማትመጣ ተነገረ።

የዕለቲቱ መራቅ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ሕዝቡ ቀድሞ በበጋ በቀን ከ1 ቢሊዮን ሊትር በላይ ይጠቀም የነበረውን ወደ ግማሹ ገደማ አወረደው። ከከተማይቱ ውጭ በኤልጊንና በግራቦው የሚኖሩ የፍራፍሬ ገበሬዎችም በራሳቸው ግድብ ካጠራቀሙት 10 ቢሊዮን ሊትር ያህል ከተማይቱን ወደሚያጠጣው ወደ ስቲንብራስ ግድብ ለቀቁ። የፖም ዛፍ ለሚያጠጣ ገበሬ ውኃ ምን ማለት እንደ ሆነ የምናውቅ ሰዎች ይህን ሥራ በአንድ ቃል አንስተን ልናልፈው አይገባንም። እነዚያ ሰዎች ከአትክልታቸው አፍ ነጥቀው ለማያውቁት ጎረቤት ሰጥተዋል።

ወደ ውድድሩ ስንመለስ፣ አመጣጡ ትሑት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ቢል ማይልሪያና ጆን ስቴግማን የተባሉ ሁለት የከተማው ሰዎች ለብስክሌት መንገድ ይሠራልን ሲሉ ሕዝብ አሰባስበው በከተማው ውስጥ ሰልፍ ነዱ። በማግሥቱ ዓመት ሰልፉ ወደ ውድድርነት ተለወጠና 525 ሰዎች ተመዘገቡ። ዛሬ ርዝመቱ 109 ኪሎ ሜትር ነው። ከከተማው መካከል ተነሥቶ በሙይዘንበርግና በፊሽ ሁክ ዳርቻ ይወርዳል፣ የጦር መርከቦች ማደሪያ የሆነውን ሳይመንስ ታውንን ያልፋል፣ በኬፕ ፖይንት አጠገብ ልሳነ ምድሩን ይሻገራል፤ ከዚያም በአትላንቲክ በኩል ወደ ሰሜን ተመልሶ፣ እ.ኤ.አ. ከ1915 እስከ 1922 በገደል ወገብ ላይ ድንጋይ እየተፈለፈለ በተሠራው በቻፕማንስ ፒክ ጎዳና ይወጣና፣ ሱይከርቦሲ በሚሉት የመጨረሻ አቀበት ነጂውን ካስጨነቀ በኋላ በካምፕስ ቤይ በኩል ወደ ግሪን ፖይንት ይደርሳል። እያንዳንዱ ነጂ ሰዓቱ ለብቻው ይመዘገብለታል፤ ብዙዎቹ የሚወዳደሩትም ከሰው ጋር ሳይሆን ካምና ካስመዘገቡት ከራሳቸው ሰዓት ጋር ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነበር፤ ነዋሪው በጀሪካን እየተመጠነ በሚኖርበት ከተማ 35,000 ሰው ሰብስቦ ማላብ ይገባልን? አይገባም የሚሉ ነበሩ፤ ነገራቸውም በንቀት የሚጣል አይደለም። አዘጋጆቹ ውድድሩ በከተማይቱ የቧንቧ ውኃ ላይ ሸክም እንዳይሆን አድርገው እንደሚያሰናዱት አስታወቁ። እኔ በበኩሌ መካሄዱ ትክክል ነበር እላለሁ፤ የውድድሩ ገቢ ለበጎ አድራጎት የሚውል ከመሆኑም በላይ፣ በዚያ ወራት የሆቴል አልጋ የሚያነጥፉ፣ ምግብ የሚያበስሉና ሻንጣ የሚሸከሙ ሰዎች እንግዳ ቢቀርባቸው ከውኃው ጋር እንጀራቸውም ይደርቅባቸው ነበርና። ነገር ግን ፍርዴ አንድ ግዴታ አለበት። እንግዳው ከነዋሪው አንዲት ጣሳ አብልጦ ሊጠቀም አይገባውም። ነዋሪ ስንልም በከተማይቱ ዳርቻ በቆርቆሮ ቤት የሚኖረውን፣ ከድርቁም በፊት ከጋራ ቦኖ በባልዲ ሲቀዳ የኖረውን ድኻ ጭምር ማለታችን ነው። እነዚያ መንደሮች ሁሉ ተደምረው ይጠቀሙት የነበረው ውኃ ከከተማው ፍጆታ 5 በመቶ እንኳ አይሞላም ነበር። በመካከላቸውም ሱቅ ከፍተው የሚነግዱ የአገራችን ልጆች አሉ፤ ያን ወራት እነርሱም በዚያው ልክ ተመጥነው አሳልፈውታል።

አሁን ወደ ዝግጅቱ እንግባ። ለረጅም የብስክሌት ጉዞ የሚሰናዳ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ለሁለት ተለይቶ መታየት የሚገባውን ነገር መለየት አለበት፤ ይኸውም የጉሮሮ ውኃና የገላ ውኃ ነው። በሙቀት ቀን በብርቱ የሚነዳ ሰው በሰዓት ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ያልበዋል፤ ሰውነቱ የከበደና ኃይሉ የበዛ ከዚያም ያልፋል። አራት ወይም አምስት ሰዓት ለሚነዳ ሰው የሚጠጣው ሦስት ወይም አራት ሊትር ቢሆን ነው። ከ50 ሊትር ላይ አራት ቢነሣ 46 ይቀራል። በአንጻሩ በደቂቃ 10 ሊትር ከሚያፈስ ሻወር ሥር አምስት ደቂቃ የቆመ ሰው የቀኑን ድርሻ ሁሉ በእግሩ ሥር አፍስሶ ይወጣል። እንግዲህ ብዙ ሰው በድርቅ ጊዜ ከመጠጡ ሊቆጥብ ሲነሣ ስሕተቱ ከዚህ ላይ ነው፤ ውኃው የሚባክነው በአፍ በኩል አይደለም። ከመጠጥ የቆጠበ ልምምዱን ያበላሻል፣ በሙቀትም ተመትቶ ይወድቃል፤ ከገላው የቆጠበ ግን ምንም አይጎዳም።

ሆኖም መጠጥ ሲበዛም ደዌ አለው። በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዘመን ያስተማሩት ፕሮፌሰር ቲም ኖክስ እ.ኤ.አ. በ1985 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በረጅም ውድድር ላይ የወደቁ አንዳንድ ሰዎች የታመሙት በጥማት ሳይሆን በውኃ ብዛት መሆኑን አስረዱ። ሰው ከሚያልበው አብልጦ ሲጠጣ በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥናል፤ ራስ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ሲከፋም አንጎል ያብጥና ነፍስን እስከ ማሳለፍ ይደርሳል። ስለዚህ ሳይጠሙ በሰዓት እየቆጠሩ ከመጋት ይልቅ ጥማትን ሰምቶ መጠጣት የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። በውኃ እጥረት በምትጨነቅ ከተማ ከመጠን በላይ መጠጣት ጎጂ ነው የሚል ትምህርት ከዚያችው ከተማ መውጣቱ የሚያስደንቅ መገጣጠም ነው። የልምምዱ ወራት ጥቅምም አንዱ ይህ ነው፤ ሰው የላቡን ልክ ያውቅበታል። ከጉዞ በፊትና በኋላ ራቁቱን ሆኖ የተመዘነ ሰው፣ ከጉዞው በኋላ የቀነሰው አንድ ኪሎ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ላብ መሆኑን አውቆ፣ በመንገድ የጠጣውን ቢጨምርበት፣ ድምሩንም ለነዳበት ሰዓት ቢያካፍለው ገላው በሰዓት ስንት እንደሚፈልግ በግምት ሳይሆን በሚዛን ይደርስበታል። ይህን ያወቀ ሁለት ጠርሙስ ሞልቶ ይነሣል፤ የተሰጠውን ውኃ ግማሹን ጠጥቶ ግማሹን በመንገድ ዳር አይጥልም። በውድድር መንገድ ላይ ካየሁት ነገር ሁሉ ልቤን የሚያሳዝነው ይህ ነው፤ ግማሽ የተጠጣ ውኃ በአስፋልት ላይ ሲፈስ።

ሰውነትን ለሙቀት ማስለመድም ጊዜ ይሻል። ከብርድ አገር የሚመጣ ነጂ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ቢቻል ሁለት ሳምንት በሙቀት ሰዓት በመጠኑ ቢለማመድ፣ ገላው ቀደም ብሎ ማላብን፣ በላቡም ጨው መቆጠብን ይማራል። ነገር ግን እንግዳው ሁለት ሳምንት ቀድሞ ድርቅ ወደ ያዘው ከተማ ገብቶ ይለማመድ ማለት የነዋሪውን ውኃ ሁለት ሳምንት ይጠጣ ማለት ስለሚሆን፣ ልምምዱን በአገሩ ጨርሶ፣ በመጨረሻው ቀን መጥቶ ወዲያው መመለስ ለሕሊና የሚቀርብ ይመስለኛል።

ብስክሌቱስ? እኔ ያደግሁት በባሕር ዳር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብስክሌታችንን እየገፋን ወደ ጣና ዳር ወርደን፣ እስከ ጉልበታችን ውኃ ውስጥ ገብተን፣ ቸርኬውንና ሰንሰለቱን በቅጠልና በአሸዋ እንፈትግ ነበር። ያን ጊዜ ውኃ ያጸዳል ብለን እናምን ነበር፤ ሰንሰለታችን ለምን በየወሩ ዝጎ እንደሚያጮህ ግን አንጠይቅም ነበር። ዛሬ የማውቀው ደረቅ አጸዳድ ለብስክሌት ከውኃ ይልቅ የሚስማማ መሆኑን ነው፤ ይኸውም እንዲህ ነው። ብስክሌቱ ተገልብጦ በኮርቻውና በመሪው ይቆማል። በአሮጌ የቆርቆሮ ጣሳ ሁለት ጣት የሚሆን ነጭ ጋዝ ይቀዳል፤ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ይነከርበታል። በግራ እጅ ፔዳሉን ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ሲያዞሩ ሰንሰለቱ በብሩሹ ሥር ያልፋል፤ መጀመሪያ ጥቁር ዝቃጭ ይንጠባጠባል፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ የብረቱ ነጸብራቅ ብቅ ይላል። በደረቅ ጨርቅ ይዞ ማሻሸት ነው፤ ጨርቁ መጥቆር እስኪተው ድረስ። ከዚያ በእያንዳንዱ ማያያዣ ላይ አንዲት ጠብታ ዘይት፤ ጥቂት ቆይቶም በውጭ የቀረውን ዘይት ሁሉ በጨርቅ መጥረግ። ይህን የመጨረሻውን ነገር የሚተው ብዙ ነው፤ ዳሩ ግን በድርቅ ወራት መንገዱ ሁሉ አቧራ ስለ ሆነ፣ በውጭ የቀረ ዘይት አቧራውን እየሰበሰበ ጥርሱን የሚፈጭ ሞረድ ይሆናል። ጣሳው ውስጥ የቀረው ጋዝ በጠርሙስ ተከድኖ ሲያድር ዝቃጩ ከታች ይረጋል፤ ከላይ የጠለለው ለሚቀጥለው ሳምንት ያገለግላል። ወደ ቦይ ማፍሰስ ግን ነውር ነው፤ ያ ቦይ የሚወርደው ወደ ባሕሩ ወይም ወደ ወንዙ ነውና። የተቀረው የብስክሌቱ አካል በእርጥብ ጨርቅ ቢታበስ ይበቃዋል፤ ለዚህም ሁለት ብርጭቆ ውኃ ይተርፋል።

ጎማውንና ካላማዳሪውን መመርመር፣ ፍሬኑን ማጥበቅ፣ ይህ በማንኛውም ዘመን የሚደረግ ስለ ሆነ አላስረዝመውም። ስለ ነፋሱ ግን አንድ ቃል መጨመር ይገባኛል። በኬፕ ታውን በበጋ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነሣው ብርቱ ነፋስ የከተማውን ጭስና እድፍ ጠርጎ ስለሚወስድ ነዋሪዎቹ «ሐኪም» ብለውታል። ይኸው ሐኪም ግን በደረቀ ቁጥቋጦ ላይ ሲነፍስ እሳት ያራባል። እ.ኤ.አ. በ2015 የልሳነ ምድሩ ተራሮች በእሳት ስለ ተያያዙ ውድድሩ ወደ 47 ኪሎ ሜትር አጠረ፤ በ2017 ደግሞ ነፋሱ ነጂዎችን ከነብስክሌታቸው ከመንገድ ላይ እያነሣ ስለ ጣለ ፈጽሞ ተሰረዘ። ስለዚህ በዚያ አገር የሚሰናዳ ሰው ከነፋስ ጋር መኖርን በልምምድ ጊዜ መማር አለበት። ከሌላ ነጂ ጀርባ በቅርብ ተከትሎ የሚነዳ ሰው ድካሙ እስከ አንድ ሦስተኛ ይቀንስለታል፤ ድካም ሲቀንስ ሙቀት ይቀንሳል፣ ሙቀት ሲቀንስ ላብ ይቀንሳል። እየተፈራረቁ ፊት የሚነዱ አምስት ባልንጀሮች እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ቢነዱ ኖሮ ከሚያልቡት ያነሰ ያልባሉ፤ በአንድነት መንዳት ውኃንም ይቆጥባል ማለት ነው።

የቀረው ልብሱ ነው። የብስክሌት ማልያና ቁምጣ ከገላ ጋር የሚጣበቅ ስለ ሆነ ሳይታጠብ ሁለተኛ ቢለበስ ቆዳ ያቆስላል፤ ባይታጠብ ይሻላል ማለት አንችልም። ለዚህ ግን ቀላል ብልሃት አለ፤ ይህንኑ ብልሃት በዚያ እሑድ ማታ ሠላሳ አምስት ሺህ ሰው ቢሠራበት ምን ያህል እንደሚያተርፍ አስቡት። ነጂው ከግሪን ፖይንት ይመለሳል፤ በጉንጩ ላይ ላቡ ደርቆ ነጭ ጨው ሠርቷል። ማልያውን ሳያወልቅ በሰፊ ሳፋ ውስጥ ይቆማል። አንድ ጆግ ውኃ ከራሱ ላይ ቀስ አድርጎ ያፈስና በልብሱ ላይ ሳሙና ይመታል፤ ልብሱና ገላው አብረው ይታሻሉ። ከዚያ ልብሱን አውልቆ በእግሩ ይረግጠዋል፣ በሁለተኛው ጆግ ራሱን ይለቀልቃል፣ በሦስተኛው ልብሱን። ውኃው በሳፋው ውስጥ ግራጫ ሆኖ፣ የቻፕማንስ ፒክን አቧራ ይዞ ይቀራል። እሱንም በሁለት እጁ አንሥቶ፣ ጠብታ እንዳይፈስ እየተጠነቀቀ ወደ መጸዳጃ ቤት ይወስድና የማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍቶ ይጨምረዋል። ማልያው በመስኮቱ ላይ ተሰቅሎ፣ ያ ደቡብ ምሥራቅ ነፋስ በአንድ ሰዓት ያደርቀዋል።